«ቬሪ» ከግስ ጋር የማይስማማው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ለአንድ እንግዳ በኢሜይል «ዊ ቬሪ አፕሪሼት ዩር ቪዚት» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «ቬሪ መች አፕሪሼት» ብለው አስተካከሉት። እኛ «በጣም ጥሩ» እንላለን፣ «በጣም እናመሰግናለን» እንላለን፣ ቃሉ ያው ነው። በእንግሊዝኛ ለምን ይለያያል? እንግዳው ሲመልስልኝ ደግሞ «ኦን ዘ ቬሪ ደይ ዊ አራይቭድ» ብሎ ጻፈ። እዚህ ላይ ቬሪ ምን ይሠራል? ቃሉስ ከየት የመጣ ነው?

ምላሽ፦ ሰላም ለእርስዎም ይሁን። አለቃዎ ልክ ናቸው፣ እንግዳዎም ልክ ጽፏል። ሦስት ነገር ነው የጠየቁኝ፣ ግን የሦስቱም መልስ መጨረሻ ላይ ከጠየቁት ይጀምራል። ቬሪ ከየት እንደመጣ ካወቁ ሌላው ራሱ ይፈታል። ስለዚህ ከዚያው ልነሳ።

ቬሪ መጀመሪያ «በጣም» ማለት አልነበረም። «እውነተኛ» ማለት ነበር። ሥሩ የላቲኑ «ቬሩስ» ነው፣ ትርጉሙም እውነተኛ፣ ትክክለኛ ማለት ነው። ከላቲን ወደ ጥንታዊ ፈረንሳይኛ ወረደ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚገባበት በር ተከፈተ። ይህም ቃል «ቬሬይ» እየተባለ ገባ። ዘመዶቹን ዛሬም በየቀኑ ያገኟቸዋል። ባንክዎ ወይም ቴሌግራም «አካውንትዎን ቬሪፋይ ያድርጉ» ሲልዎት እውነተኛነቱን ያረጋግጡ ማለቱ ነው። ፍርድ ቤት የሚሰጠው «ቨርዲክት»ም በሥሩ «እውነተኛ ቃል» ማለት ነው። ሁሉም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው።

የድሮውን ትርጉም በግልጽ ለማየት በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ይግለጡ። ዘፍጥረት 27 ላይ ይስሐቅ አርጅቷል፣ ዓይኑም ፈዟል። ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ ለብሶ፣ እጁንና አንገቱን በጠቦት ቆዳ ሸፍኖ ገብቷል። አባት ተጠራጠረ። ቅረበኝና ልዳስስህ አለው፣ በርግጥ ልጄ ዔሳው መሆንህን ልወቅ። እዚያ ቦታ ላይ እንግሊዝኛው «ማይ ቬሪ ሰን ኢሶ» ይላል። «በጣም ልጄ» ብለው ቢተረጉሙት ስሜት አይሰጥም። «እውነተኛው ልጄ፣ ራሱ ዔሳው» ማለት ነው። ቬሪ እዚህ ጋ ቅጽል ነው። ተቀምጦ የሚገልጸውም ስም ነው፣ «ልጅ» የሚለውን።

ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ሌላ ማስረጃ በቃሉ ያውቃል። በጸሎተ ሃይማኖት «አምላክ ዘእምአምላክ ዘበአማን» እንላለን። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የድሮው የጸሎት መጽሐፍ ይህንኑ «ቬሪ ጎድ ኦፍ ቬሪ ጎድ» ይለዋል። «ዘበአማን» ያልነውን ነው በቬሪ ያስቀመጡት። ከእውነተኛ አምላክ የተገኘ እውነተኛ አምላክ።

አሁን የእንግዳዎ ዐረፍተ ነገር ግልጽ ሆነ። «ኦን ዘ ቬሪ ደይ ዊ አራይቭድ» ማለት «ልክ በደረስንበት ቀን፣ በዚያችው ዕለት» ማለት ነው። የድሮው ቅጽል አልሞተም። «ዘ»፣ «ዚስ»፣ «ማይ» ከመሳሰሉት በኋላ፣ ከስም በፊት ተሸሽጎ ይኖራል። «ዘ ቬሪ ማን» ራሱ ሰውዬው ነው። «ዚስ ቬሪ ሩም» ይህችው ክፍል ናት። «አት ዘ ቬሪ ኤንድ» መጨረሻው ላይ፣ እስከ ጫፉ ሄዶ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ይህንን ሥራ «ራሱ»፣ «ልክ»፣ አንዳንዴም «ያው» ይሠሩታል። እንግዳ «ዘ ቬሪ ሩም» ብሎ ክፍል ሲጠይቅዎ ጥሩ ክፍል ስጡኝ ማለቱ አይደለም። ያችን የማውቃትን ክፍል ነው የሚልዎት።

ታዲያ «እውነተኛ» እንዴት «በጣም» ሆነ?

ይህ ጉዳዩ በጣም ደስ የሚለኝ ቦታ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገጣሚው ቾሰር ስለ አንድ ፈረሰኛ ጦረኛ ሲናገር «ቬሬይ፣ ፐርፊት፣ ጀንቲል» ብሎታል። ሦስት ቅጽሎች ተደርድረዋል። እውነተኛ፣ ፍጹም፣ ጨዋ። ሦስቱም የሚገልጹት ሰውዬውን ነው። ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ይስሟቸው። «እውነተኛ ፍጹም ሰው።» ሰሚው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ ሰውዬው እውነተኛ ነው፣ ፍጹምም ነው። ሁለተኛው፣ ሰውዬው የእውነት ፍጹም ነው። ሁለተኛውን የሰማ ሰው ቬሪን ከሰውዬው ላይ አንስቶ «ፍጹም» በሚለው ቃል ላይ ሰቀለው ማለት ነው። ቃሉ ከቦታው ፈቀቅ አላለም። የተናጋሪውም አፍ አልተለወጠም። የተለወጠው የሰሚው ጆሮ ነው።

እንዲህ ያለ አሰማም ለብዙ ትውልድ ሲደጋገም ቬሪ ከቅጽል ፊት ቆሞ ቅጽሉን የሚያጠነክር ቃል ሆነ። ከዚያ «የእውነት» የሚለው ስሜት እየሳሳ ሄደ፣ ጥንካሬው ብቻ ቀረ። በ16ኛው መቶ ዘመን ቀድመውት የነበሩትን አጠንካሪዎች ሁሉ እየገፋ ቦታውን ያዘ።

እኛም ጋ ይኸው እየሆነ ነው። ልጆቻችን «የምር ቆንጆ ፊልም ነው»፣ «የእውነት ደስ ይላል» ሲሉ ያድምጡ። ማንም «ውሸት ነው» ያላቸው የለም። እውነተኛነቱን እያረጋገጡ አይደለም፣ እያጠነከሩት ነው። ይህ ሰው የመሆን ነገር ይመስለኛል። ነገሩን አጥብቀን መናገር ስንፈልግ እጃችን ቶሎ የሚያነሳው «እውነት» የሚለውን ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልብ ደረስን። ቬሪ ከቅጽል ጎን የተወለደ ቃል ነው። ያደገውም እዚያው ነው። ከቅጽል ፊት ቆሞ «ቬሪ ጉድ»፣ «ቬሪ ክሊን»፣ «ቬሪ ታየርድ» ይላል። በኋላ ተውሳከ ግስ ፊት መቆምም ለመደ፣ «ቬሪ ኩዊክሊ»፣ «ቬሪ ዌል»። ግስ ፊት ግን ቆሞ አያውቅም። ዕድሉም አልነበረውም። ቅጽሎች ስም ፊት ይደረደራሉ እንጂ ግስ ፊት አይደረደሩም። ስለዚህ «ቬሪ አፕሪሼት»፣ «ቬሪ ላይክ»፣ «ቬሪ ዋንት» አይባልም።

ትምህርት ቤት ያስተማሩን ስያሜ እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስታል። ቬሪ «ተውሳከ ግስ» ነው ተብለን ተማርን። ስሙን ስንሰማው ግስ ላይ የሚጨመር ይመስለናል። በእውነቱ ቬሪ ቅጽልንና ሌላ ተውሳከ ግስን አጅቦ ግስን የማያጅብ ተውሳከ ግስ ነው። ተማሪዎቼ ይህንን ሲሰሙ አንዳንዶቹ ይገርማቸዋል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የዘመናት ጥያቄ የተመለሰላቸው ያህል ይተነፍሳሉ።

ማረጋገጫ ከፈለጉ የቬሪን ወንድም ይመልከቱ። ከዚያው ቃል «ቬሪሊ» ተወልዷል። መጨረሻው ላይ «ሊ» ስላለው ከመጀመሪያውም ተውሳከ ግስ ነው። እሱ ግስ ፊት በነፃነት ይቆማል። በዚያው በ1611ዱ መጽሐፍ ቅዱስ ጌታ «ቬሪሊ፣ ቬሪሊ፣ አይ ሴይ አንቱ ዚ» ሲል፣ በእኛ «እውነት እውነት እልሃለሁ» ነው። ሐዋርያት ሥራ 26 ላይም ጳውሎስ «አይ ቬሪሊ ቶት» ይላል፣ በርግጥ አስቤ ነበር ለማለት። ዛሬ ቬሪሊ አርጅቷል፣ በንግግር አይሰማም። ቦታውን የወሰደው «ሪሊ» ነው። ሪሊም ከ«እውነት» ተነስቶ ወደ «በጣም» የሄደ ቃል ነው፣ መንገዱ ያው ነው። ልዩነቱ ሲወለድ ጀምሮ ተውሳከ ግስ መሆኑ ነው። ስለዚህ «ዊ ሪሊ አፕሪሼት ዩር ቪዚት» ቢሉ ፍጹም ትክክል ነው። ከ«ቬሪ መች አፕሪሼት» ይልቅ ትንሽ ቀለል ያለና ወዳጅነት ያለበት ነው። አለቃዎ የመረጡት ደግሞ ለሥራ ደብዳቤ ይበልጥ ጨዋ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ።

«ቬሪ መች»ስ ለምን ይሆናል? «መች» ራሱ ግስን መግለጽ ይችላል። ቬሪ የሚያጠነክረው መችን ነው፣ መች ደግሞ ግሱን። ቬሪ በመች በኩል እጁን ዘርግቶ ግሱን ይነካል። ይህንን እርስዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ ያውቁታል። «ታንክ ዩ ቬሪ መች» ስንል ኖረናል። «ታንክ ዩ ቬሪ» ያለ ሰው ሰምተው ያውቃሉ? «ታንክ» ግስ ስለሆነ ነው። አዲስ ዐረፍተ ነገር ሲጽፉ የሚያጠራጥርዎ ከሆነ ይህችን ምስጋና ያስታውሷት።

አቀማመጡ ላይ ግን ይጠንቀቁ። «አይ ላይክ ቬሪ መች ኮፊ» ብዙ ጊዜ ከእኛ ሰው አፍ ይሰማል። እንግሊዝኛ በግሱና በሚወደደው ነገር መካከል ሌላ ቃል ሲገባ አይወድም። ወይ ከግሱ በፊት፣ ወይ መጨረሻ ላይ። «አይ ላይክ ኮፊ ቬሪ መች።»

አንድ የሚያደናግር ነገር ልጨምር። አንድ ቀን «ሂ ኢዝ ቬሪ ላይክ ሂዝ ፋዘር» የሚል ሊያነቡ ይችላሉ። ስህተት አይደለም። እዚህ «ላይክ» ግስ አይደለም፣ «የሚመስል» ማለት ነው። ልጁ አባቱን ቁርጥ ነው።

ከቬሪ በፊት እንግሊዞች ምን ይሉ እንደነበር ባልነግርዎ ቅር ይለኛል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዋናው አጠንካሪ «ስዊዘ» የሚባል ቃል ነበር። ሥሩ «ጠንካራ» ማለት ነው። «በጥንካሬ» ከማለት ተነስቶ «በጣም» ሆነ። እኛም ከተማ ውስጥ «ኃይለኛ ቆንጆ ናት» ስንል ያንኑ መንገድ ይዘናል። ስዊዘ ዛሬ ፈጽሞ ጠፍቷል፣ ምናልባት በአንድ ስም ውስጥ ካልሆነ። በ9ኛው መቶ ዘመን የዊንቸስተር ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ስዊዚን የስሙ መጀመሪያ ከዚህ ቃል ነው። በዓሉ በእነሱ ጁላይ 15፣ በእኛ ሐምሌ 8 ይውላል። ያን ቀን ከዘነበ 40 ቀን ይዘንባል የሚል አባባል እንግሊዞች አላቸው። የእኛ ሰው በሐምሌ ዝናብ ይህን ቢሰማ ብዙ አይደንቀውም።

ሌላው «ሶር» ነበር። መነሻው ሕመም፣ ቁስል ነው። «ሶር አፍሬይድ» ማለት እጅግ የፈራ ነው፣ በሉቃስ 2 እረኞቹ መልአኩን ሲያዩ የሆኑት። አማርኛ ይህንን በደንብ ያውቀዋል። «ክፉኛ ናፈቀኝ» ስንል ናፍቆቱ ላይ ክፋት የለም። ክፋቱ ተኖ ብርታቱ ቀርቷል። የእንግሊዝኛው ሶር በዚህ ሥራው ሲደክም የጀርመንኛ ዘመዱ ግን በረታ። የጀርመኖች «ዜር»፣ ዛሬ «በጣም» የሚሉበት ቃል፣ ከሶር ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ዜር ደግሞ ግስንም ቅጽልንም ያጠነክራል፣ ልክ እንደ በጣም። ጀርመን የሚኖሩ ወገኖቻችን «ኢሽ ሊበ ዲሽ ዜር» ብለው ቢናገሩ ማንም አያርማቸውም። በእንግሊዝኛ ሲሞክሩት ነው የሚሰናከሉት። ስለዚህ የእርስዎ ስህተት ከስንፍና የመጣ አይደለም። በጣም ሰፊ ቃል ነው፣ ቬሪ ጠባብ ነው። ሰፊውን በጠባቡ ቦታ ሲተኩት ይተርፋል።

ከዚህ ወዲያ ያለው ለሥራዎ ነው። በጣምን ከአማርኛ ሲያሻግሩ እንግሊዝኛ ለየግሱ የራሱን ጓደኛ ይሰጠዋል። «በጣም እመክራለሁ» «አይ ስትሮንግሊ ሬኮመንድ» ወይም «ሃይሊ ሬኮመንድ» ነው። «በጣም እስማማለሁ» «አይ ኮምፕሊትሊ አግሪ» ነው። «በጣም እናዝናለን» ከተቋም ሲወጣ «ዊ ዲፕሊ ሪግሬት» ነው፣ በአፍ ግን «አይ አም ቬሪ ሶሪ» ይበቃል፣ ሶሪ ቅጽል ነውና። «በጣም ተጎድቷል» «ባድሊ ኢንጀርድ» ነው። «በጣም ዘነበ» «ኢት ሬይንድ ሄቪሊ» ነው። «በጣም ሠራሁ» ደግሞ «አይ ወርክድ ሃርድ» ነው። እዚህ ላይ «ሃርድሊ» እንዳይሉ አደራ። «አይ ሃርድሊ ወርክድ» ካሉ ከነአካቴው አልሠራሁም ለማለት ምንም አልቀረዎትም። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህቺ «ሊ» ሰውን ትጎዳለች።

ንጽጽር ላይም ቬሪ አይገባም። «በጣም ይሻላል» ብለን ስለምናስብ «ቬሪ ቤተር» ይቀናናል። ትክክሉ «መች ቤተር» ነው። «ቬሪ ቢገር» ሳይሆን «መች ቢገር»። የሚገርመው «ዘ ቬሪ ቤስት» ልክ ነው። ለምን? ያ የዔሳው ቬሪ ስለሆነ ነው። ምርጡ፣ ራሱ ምርጡ።

በራሳቸው ጫፍ የደረሱ ቅጽሎችም ቬሪን አይፈልጉም። «ኤክሰለንት» ቀድሞውኑ በጣም ጥሩ ማለት ነው። «ቬሪ ኤክሰለንት» ሲባል ጆሮ ይሰናከላል። «አብሶሉትሊ ኤክሰለንት» ይሻላል፣ ወይም ኤክሰለንትን ብቻውን ይተዉት።

በደንብ እንዲጠነቀቁ የምፈልገው ግን «ቱ» ላይ ነው፣ ባለ ሁለት «ኦ»ው። ብዙ የእኛ ሰው ቬሪ እያለ በቱ ይተካል። «ዩር ሆቴል ኢዝ ቱ ጉድ» ይላል ለማድነቅ። ቱ ግን «ከልክ ያለፈ» ማለት ነው፣ ከኋላው የሚመጣ ችግር እንዳለ ያሳብቃል። «ዘ ሱፕ ኢዝ ቬሪ ሆት» ያለ እንግዳ ሾርባው ትኩስ ነው አለዎት። ምናልባትም ወዶታል። «ዘ ሱፕ ኢዝ ቱ ሆት» ያለ ግን ሊጠጣው አልቻለም፣ አንድ ነገር እንዲያደርጉለት እየጠበቀ ነው። አማርኛችን ሁለቱንም «በጣም ሞቋል» ብሎ በድምፅ ቃና ስለሚለያቸው እኛ ልዩነቱን በቃል መፈለግ አልለመድንም።

የሚጎዳው ደግሞ በድጋፍ ደብዳቤ ላይ ነው። አንድ ኃላፊ ስለ ሠራተኛው «ሺ ኢዝ ቱ ኳየት» ብሎ ከጻፈ እሱ «በጣም ረጋ ያለች ናት» ብሎ ማመስገኑ ነው። አንባቢው ግን «ዝምታዋ ለሥራው አይሆንም» ብሎ ይረዳዋል። ሰው ለውለታ በጻፈው ቃል ሌላው ሰው ሥራ ሊያጣ ይችላል። ደብዳቤ ከማተምዎ በፊት ቱ ያለበትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ይዩ። «ከመጠን በላይ» ብለው ሲተኩት ስሜቱ ካልተበላሸ ብቻ ይተዉት። ከተበላሸ ቬሪ ያድርጉት።

አንድ ቦታ ግን ቱ ለምስጋና ይውላል፣ እርስዎም ፊት ለፊት ይገጥምዎታል። ሻንጣ ይዘውለት ወይም ታክሲ ጠርተውለት እንግዳው «ዩ አር ቱ ካይንድ» ሊልዎ ይችላል። ቅሬታ አይደለም። ደግነትዎ ከሚገባኝ በላይ ነው እያለ ነው። ያረጀ ጨዋነት ነው፣ በተለይ በዕድሜ ከገፉ እንግሊዞች ይሰማሉ። «ኖት አት ኦል» ብለው ፈገግ ይበሉላቸው።